ስማችሁን ከመፈለጋችሁ በፊት መስፈርቱን ፈልጉ

በምዕራብ ጎጃም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል እሠራለሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት ደጃፌ በተማሪና በወላጅ ይሞላል። «ተበድለናል፤ ለማን አቤት እንበል?» ይሉኛል። ከመካከላቸው በእርግጥ የተበደሉ አሉ፤ በደሉን የሚያስረዳ ወረቀት የያዙት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የምነግራችሁ ሥራ የሚጀምረው ውጤት ከመውጣቱ ከወራት በፊት ነው።

ከስም ጀምሩ። «የሺወርቅ» የሚለው ስም በ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ተያይዞ፣ በ12ኛ ክፍል ምዝገባ ላይ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ሊቆጥራት ይችላል። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ወደ ሪከርድ ክፍል ሂዱና ሰርተፍኬቱን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የምዝገባ ቅጹን እና የፋይዳ መታወቂያችሁን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። በጸጥታው ችግር ትምህርት የተቋረጠባችሁ ደግሞ የጎደለውን መንፈቅ ዓመት የሚያብራራ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ በማኅተም አስጽፉ። ቢሮው ክፍት በሆነበት ቀን ያልተጻፈ ደብዳቤ በችኮላ ሰዓት አይገኝም።

በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ የጥያቄ ደብተሩን ኮድ በመልስ ወረቀቱ ላይ ማጥቆራችሁን አረጋግጡ። እርማቱ የማሽን ነው፤ የተሳሳተ ኮድ ትክክለኛውን መልስ በሌላ ደብተር የመልስ ቁልፍ ያሳርመዋል።

መልስ እንሸጣለን፣ ምደባ እናስተካክላለን የሚሉ ደላሎች በቴሌግራም ይመጣሉ። አትቅረቧቸው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ ሲሰረዝ እና እንደገና ሲሰጥ የተቀጣው ሌሊቱን ሙሉ ያጠናው ተማሪ ጭምር ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ምደባ ስንመጣ፣ ምርጫችሁን ራሳችሁ ሙሉ። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ፈጣን ስለሆነ ብቻ የይለፍ ቃላችሁን አትስጡት። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ገጹን አሳትሙ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ቀኑም ይታይ። ባሕር ዳርን ወይም ደብረ ማርቆስን አንደኛ አድርጎ መጻፍ ብቻ ቦታ አያስገኝም፤ ምርጫው ከውጤትና ከቅበላ አቅም ጋር ተዛምዶ ነው የሚታየው። ጠና ያለ የጤና ችግር ካለባችሁ የሐኪም ማስረጃውን ከምደባው በፊት ያዙ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ማስታወቂያውን ለብቻው ተከታተሉ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ልሂድ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ከፊሉ ወደ አቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ሲገባ ሌላው ወደ ጤና ሳይንስ፣ ወደ መምህራን ትምህርትና ወደ ቴክኒክ ኮሌጆች ይጎርፋል። ለጥቂት ቦታ ብዙ ሰው ስለሚሻማ ጥርጣሬውም እዚያ ይበረታል፤ ግልጽነት በጥብቅ ልንጠይቅ የሚገባንም እዚያ ነው።

የእነዚህ ኮሌጆች የውድድር ማስታወቂያ ሲለጠፍ ፎቶ አንሱት። የብሔራዊ ፈተናው ስንት ከመቶ ይያዛል? ትራንስክሪፕቱስ? የጽሑፍ ፈተና አለ? የቃል ፈተና ካለ ስንት ነጥብ አለው፣ ስንት ሰው ነው ነጥብ የሚሰጠው? ማስታወቂያው ይህን ካልገለጸ በምዝገባው ቀን በትሕትና ጠይቁ። ከውጤት በኋላ ሲጠየቅ ክስ የሚመስለው ጥያቄ ከውጤት በፊት መረጃ መጠየቅ ብቻ ነው፤ የሚመልስላችሁም ሰው ፊቱ አይጠቁርም።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ዓይናችሁ በራሳችሁ ስም ላይ ብቻ አይቅር። የመጨረሻውን ተመራጭ ነጥብ እና የመጀመሪያውን ተጠባባቂ ነጥብ ጻፉ። ፍትሕ የሚለካው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ነጥብ ሳይጻፍ ስም ብቻ ከተለጠፈ ይህ ራሱ በቂ የቅሬታ ምክንያት ነው። አንድ አባት ከገጠር ቀበሌ መጥተው «የልጄ ስም ተዘሏል» ሲሉኝ ፎቶውን አብረን አየነው። ልጅቷ ሁለተኛ ተጠባባቂ ነበረች፤ ከመጨረሻዋ ተመራጭ የምታንሰው በግማሽ ነጥብ ነው። «እንዲህ ከሆነስ እሺ» ብለው ተነሡ። የግማሽ ነጥብ ልዩነት ያማል እንጂ በደል አይደለም፤ ቁጥሩ ባይለጠፍ ግን እኒያ አባት ዕድሜ ልካቸውን ተበደልሁ ብለው ይኖሩ ነበር።

ቅሬታ ካላችሁ በቃል አትጨርሱት። ለኮሌጁ ሬጅስትራር «ጉዳዩ፦ የተወዳደርሁበት ውጤት በዝርዝር እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ» ብላችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ስም፣ የምዝገባ ቁጥር፣ ቀን፣ የምትጠራጠሩት ነጥብ፤ ከዚህ በላይ አታብዙ፤ ስድብ እና ሐሜት አታስገቡ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ፣ በእናንተ ቅጂ ላይም የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። በብሔራዊ ፈተናው ውጤት ላይ ያላችሁን ቅሬታ ግን የምታቀርቡት ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ አታሳድሩት።

መልስ ከተከለከላችሁ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት ተቋም የያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳላችሁ በደብዳቤው ላይ ጥቀሱ። ያም ካልሠራ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚመረምረው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው። ስትሄዱ የገቢ ቁጥር ያለበትን ደብዳቤ፣ የማስታወቂያውን ፎቶ እና የተለጠፈውን ዝርዝር ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ኮፒውን ስጡ፤ ዋናው ከእጃችሁ አይውጣ።