በማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 2 ረዳት መቼ ይጠራል?

በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ የድብድብ ቪዲዮ ጌም ላይ ሦስት ተዋጊ ትመርጣለህ፤ አንዱ ሲዋጋ ሌሎቹ በአንድ ቁልፍ የሚጠሩ ረዳቶች ናቸው። ለእያንዳንዱ ከሦስት የእርዳታ ዓይነት አንዱን ምረጥ ይልሃል፣ እዚህ ጋ አትቸኩል። ለጀማሪ ካፒቴን ኮማንዶን እመክራለሁ፤ ብቅ ብሎ የመብረቅ ዓምድ ያቆምና ዘሎ የሚመጣብህን ጠራርጎ ይመልስልሃል።

ዋናው ሰዓቱ ነው። ደንግጠህ አትጥራ፣ ረዳቱም ይመታል፤ አብራችሁ ከተያዛችሁማ የሁለታችሁም ጉልበት በአንድ ኮምቦ (ሳይቋረጥ በሚከታተል ምት) ተያይዞ ያልቃል፣ በኋላ የምትዋጋበትን ተዋጊ በነጻ አስበላህ ማለት ነው። ተቃዋሚህ እጁ ሥራ ሲይዝ ወይም ራቅ ሲል ጥራው፣ ወዲያው አንተም ተከትለህ ግባ። የረዳትህን ምት እየተከላከለ ባለበት ይደርቃል። ያኔ አንዴ ከታች አንዴ ከላይ ምታው።

ጉልበቱ የተመናመነውን ረዳት ግን አትጥራው፣ ከኋላ ሆኖ ያገግም።