ልጆቹ ያቀዱት ክረምት

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሦስቱን ልጆቼን ምንጣፍ ላይ ሰብስቤ ለእያንዳንዳቸው አምስት ቁራጭ ወረቀት አድላለሁ። ትልቁ 11፣ መካከለኛዋ 8፣ ትንሹ 4 ዓመታቸው ነው። እኔና አባታቸውም አምስት አምስት እንወስዳለን። በአንድ ወረቀት አንድ ምኞት ብቻ ይጻፋል፤ መጻፍ ያልቻለ ይሥላል።

ከዚህ በፊት ዕቅዱን ብቻዬን አውጥቼ፣ ቀኑን በሰዓት ከፋፍዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌ አውቃለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቤቱ ኩርፊያ በኩርፊያ ሆነ። ልጆቹ ያሰቡት አንድም ነገር አልነበረበትማ።

ወረቀቶቹን ስትሰበስቡ ቤት ውስጥ የሚሆነውን፣ በእግር የሚደረስበትን፣ ገንዘብና መንገድ የሚጠይቀውን ለዩ። ሦስተኛውን ክምር አይታችሁ አትደንግጡ። ልጁን "ምኑ ነው ደስ የሚልህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ትልቁ ልጄ "ባሕር" ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሲጠየቅ ለካ የፈለገው ቦይ ቆፍሮ ውሃ መገደብ ነው። የግቢያችን ጥግና ሁለት ባልዲ ውሃ ሦስት ቀን ሙሉ አጫወቱት።

በሳምንት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነገር ይበቃል፤ የቀረው ቀን ባዶ ይሁን። "ሰለቸኝ" ሲሏችሁ ስልክ ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሡ። እኛ ቤት ጥሩ ጥሩዎቹ ጨዋታዎች የተፈጠሩት በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ዝናብ ዕቅድ አያበላሽም፤ እንዲያውም ለእኛ ትልቁ ጨዋታ እሱ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ወይም ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጠዋት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት የውሃውን ከፍታ በማስመሪያ ለክታችሁ መዝግቡና ድፉት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ቀን 12 ሚሊ ሜትር አገኘን። ልጄ ጣሪያችንን 40 ካሬ ሜትር ብሎ ሲያባዛ 480 ሊትር ወጣለት። "እማዬ፣ ይኼ ሁሉ እኛ ላይ ነው የወረደው?" እያለ ደጋግሞ አሰላው። ሴቷ መዝጋቢ ናት፤ ትንሹ በየገጹ ጠብታ ይሥላል።

ነጎድጓድ ሲኖር ደግሞ ቤት ገብተን እንቆጥራለን። ብልጭ ካለበት እስኪያጉረመርም ያለው እያንዳንዱ ሦስት ሴኮንድ መብረቁ ከእኛ በአንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም ደጅ አይወጣም። በዚህ አልደራደርም።

ዋና ከተመረጠም እንዲሁ ነው። የሚሰምጥ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሁሉም ሰው እያየ ነው ብላችሁ አትተማመኑ። ጠባቂው አንድ ታውቆ የተመደበ ትልቅ ሰው ይሁን፤ ስልኩን ያስቀምጥ፤ ዋና ከማይችል ልጅ ክንድ ከሚደርስበት ርቀት አይራቅ። ሲደክመው ለሌላው "ተረከብ" ብሎ ይቀየር።

ወረቀት የሚወጣው በዕጣ ነው። ወረቀቱ የወጣለት ልጅ የዚያ ቀን መሪ ይሆናል፤ ምን እንደሚያዝ፣ መቼ እንደሚወጣ እሱ ይናገራል። የትንሹ ዕጣ ሲወጣ አንድ ክብ ብቻ አገኘን። ኳስ አልን፣ ፊኛ አልን። "ጨረቃ ናት!" ብሎ ተቆጣ። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብርድ ልብስ ይዘን ወጣን። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ በየምሽቱ ጥበቃው እየረዘመ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ሳትወጣ እንቅልፍ ጣለው። "ስትመጣ ቀስቅሱኝ" ብሎን ነበርና ቀሰቀስነው።