የመሬትን ስፋት በኤከር እንዴት ማስላት ይቻላል?

የአንድን መሬት አራት ጎኖች አንድ በአንድ ለክቶ ስፋቱን ሳያውቁ መቅረት ይቻላል። ነገሩ እንግዳ ከሆነብዎት አራት ጣውላዎችን ጫፍ ለጫፍ፣ በየጫፋቸው በአንድ ሚስማር ብቻ አያይዘው ከጎን ገፋ ያድርጓቸው። ክፈፉ ይንጋደዳል። የጣውላዎቹ ርዝመት ያው ነው፤ በመካከላቸው የታቀፈው ቦታ ግን ጠቧል። መሬት ላይ የሚደርሰውም ይኸው ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ደጋግሜ የምወተውትዎ ስለ አንዲት መስመር ነው፤ ከማዕዘን ተነስታ መሬቱን አቋርጣ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ስለምትሄደው ሰያፍ።

ኤከር ስንት ነው?

ኤከር ከእርሻ የተወለደ መለኪያ ነው። በጥንቷ እንግሊዝ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን ያርሰዋል ተብሎ የሚገመተው መሬት ነበር። ቅርጹም ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ወርዱ 66 ጫማ፣ ቁመቱ 660 ጫማ። በሬዎቹን ጫፍ ላይ ማዞር አድካሚ ስለሆነ ፈሩ በረዘመ ቁጥር ሥራው ይቀላል። ሁለቱን ቁጥሮች ሲያባዙ 43,560 ካሬ ጫማ ያገኛሉ፤ አንድ ኤከር ዛሬም ይኸው ነው። አንድ ጫማ 30.48 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በሜትር ሲመነዘር 4,046.86 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም 2.471 ኤከር ማለት ነው።

1. ማዕዘኖቹን በችካል ያመልክቱ

መሬቱን አንድ ጊዜ ዙረው ድንበሩ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ችካል ይትከሉ። በወረቀት ላይ ረቂቅ ንድፍ ይሳሉና ለእያንዳንዱ ማዕዘን ፊደል ይስጡ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ። ንድፉ ማማር የለበትም።

2. ጎኖቹን ይለኩ

ረጅም ሜትር (50 ሜትር ቢሆን ይመረጣል) እና አንድ ረዳት ያስፈልግዎታል። ሜትሩ እንዳይረግብ ወጠር አድርጋችሁ ያዙት። ጎኑ ከሜትሩ የሚረዝም ከሆነ በሁለቱ ችካሎች መካከል ሲባጎ ወጥረው በእርሱ ላይ ይለኩ፤ አለዚያ ሳይታወቅዎት መስመሩ ይጣመማል፣ ርዝመቱም ከእውነተኛው ይበልጣል።

ተዳፋት መሬት ላይ የብዙ ሰው ስሌት የሚበላሸው በዚህ ደረጃ ነው። በካርታም ሆነ በይዞታ ሰነድ ላይ የሚሰፍረው የመሬት ስፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ሲታይ ነው። ስለዚህ ሜትሩን በመሬቱ ላይ አያስተኙት። ከላይኛው ነጥብ ተነስተው በአግድም ይዘርጉት፤ መስተካከሉን በውሃ ልክ ይፈትሹና ከጫፉ ቱንቢ ወደ መሬት ያውርዱ። ቱንቢው ካረፈበት ነጥብ ተነስተው እንደገና ይቀጥሉ፤ ልክ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። በመሬቱ ላይ ተኝቶ ሲለካ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በአግድም 98 ሜትር ብቻ ነው።

3. ሰያፉን ይለኩ

ከሀ እስከ ሐ ያለውን ርቀት ይለኩ። አንዱ ማዕዘን ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ሰያፉ ከእርሱ ይነሳ፤ መስመሩ ከመሬቱ መውጣት የለበትም። ጊዜ ካለዎት ሁለተኛውንም ሰያፍ፣ ከለ እስከ መ፣ ይለኩ። ኋላ ስሌትዎን ለማረጋገጥ ይጠቅምዎታል።

4. ያስሉ

ሰያፉ መሬቱን ለሁለት ከፍሎታል፤ እያንዳንዱም ክፍል ሦስት ማዕዘን ነው። የሦስት ማዕዘን ሦስት ጎኖች ከታወቁ ስፋቱ የሚገኝበት ቀመር የእስክንድርያው ሄሮን ቀመር ይባላል፤ ሄሮን በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሰው ነው። ሦስቱን ጎኖች ደምረው ለሁለት ያካፍሉ። ከዚህ ግማሽ ድምር ላይ እያንዳንዱን ጎን በየተራ ይቀንሱ። ሦስቱን ቀሪዎችና ግማሽ ድምሩን አንድ ላይ ያባዙ፤ ከዚያም በካልኩሌተር የ√ ምልክት ያለበትን ይጫኑ።

ጎኖቹ ሀለ 80፣ ለሐ 60፣ ሐመ 70፣ መሀ 50 ሜትር፣ ሰያፉ ደግሞ 100 ሜትር ነው እንበል። የመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን 80፣ 60 እና 100 ነው፤ ግማሽ ድምሩ 120፣ ቀሪዎቹ 40፣ 60 እና 20። 120 × 40 × 60 × 20 = 5,760,000፤ √ ሲወሰድ 2,400 ካሬ ሜትር። ሁለተኛው 100፣ 70 እና 50 ነው፤ 110 × 10 × 40 × 60 = 2,640,000፤ √ ሲወሰድ 1,624.8። ሲደመሩ 4,024.8 ካሬ ሜትር። ለ4,046.86 ሲካፈል 0.99 ኤከር፤ አንድ ኤከር ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

አሁን አራቱን ጎኖች ሳይነኩ ሰያፉን ብቻ 110 ሜትር ያድርጉት። ስፋቱ ወደ 3,639 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ዙሪያው ያው 260 ሜትር ነው፤ 386 ካሬ ሜትር ግን ጠፍቷል።

ብዙዎች የሚያዘወትሩት አቋራጭ አለ፤ ተቃራኒ ጎኖችን ደምሮ ለሁለት ማካፈልና ሁለቱን አማካኞች ማባዛት። ለምሳሌያችን 75 × 55 = 4,125 ይሰጣል። በግብፅ፣ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጹት የመሬት ስጦታ መዝገቦች በዚህ ዘዴ የተሰሉ ስለሆኑ ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ ነው። ትክክል የሚሆነው አራቱም ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ 90 ዲግሪ ሲሆኑ ብቻ ነው። በሌላ ጊዜ ሁሉ የሚሳሳተው ወደ ላይ ነው፤ ሻጭ ለምን እንደሚወደው አይጠፋኝም።

ጎኑ ከአራት ሲበልጥ፣ ወይም ድንበሩ ወንዝ ሲሆን

አምስት ማዕዘን ያለውን መሬት በሁለት ሰያፍ ለሦስት ይክፈሉት፤ ስድስት ላለው ሦስት ሰያፍ ይበቃል። የተቀረው ሥራ ያው ነው።

ድንበሩ በወንዝ ወይም በጠማማ መንገድ የሚያልቅ ከሆነ በአቅራቢያው ቀጥ ያለ ሲባጎ ይወጥሩ። በየ10 ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ወንዙ ያለውን ርቀት በቀጤ ማዕዘን ይለኩ። 0፣ 4፣ 7፣ 9፣ 6፣ 3፣ 0 ሜትር ቢያገኙ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን በግማሽ፣ የመካከሎቹን እንዳሉ ደምረው በ10 ያባዙ፤ 290 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወንዙ ከሲባጎው ወዲያ ከሆነ ይህን ይጨምሩ፤ ወዲህ ከሆነ ይቀንሱ።

ስልክስ?

ለሰፊ መሬት ጥሩ ነው። ዙሪያውን እየዞሩ ነጥብ የሚይዙ መተግበሪያዎች አሉ፤ በጉግል ኧርዝም ከሳተላይት ምስል ላይ ድንበሩን መሳል ይቻላል። ለትንሽ ቦታ ግን አልመክርም። የስልክ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ሊስት ይችላል፤ 60 በ60 ሜትር የሆነ ቦታ በየጎኑ 3 ሜትር ወደ ውጭ ቢገፋ 3,600 የነበረው 4,356 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ካልኩሌተሩ 0.99455 ቢያሳይዎትም 0.99 ብለው ይመዝግቡ፤ በእጅ የተወጠረ ሜትር ከዚያ ያለፈ ትክክለኛነት የለውም። ለሽያጭ ወይም ለድንበር ክርክር ከሆነ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ይጥሩ። ንድፉን ከነቁጥሮቹ ሲያስቀምጡ የሰያፉን ርዝመት መጻፍዎን ያረጋግጡ፤ ነገ ሌላ ሰው እንደገና ላስላ ቢል አራቱ ጎኖች ብቻቸውን አይበቁትም።