ዓባይ ከጣና በየት በኩል ይወጣል? በጂኦግራፊ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወንዝን በመድረሻው መሳል። ባሕር ዳር ያደገ ተማሪ የጣናንና የዓባይን ካርታ በቃልህ ሣል ሲባል፣ ዓባይን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ አውጥቶ በቀጥታ ሱዳን ሲያስገባው አያለሁ። በየቀኑ የዓባይን ድልድይ የሚሻገር ልጅ! ዓባይ ከጣና የሚወጣው በደቡብ ጫፍ፣ እዚሁ ከተማችን ላይ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርድና የጮቄን ተራሮች እየዞረ ወደ ደቡብ፣ ቀጥሎ ወደ ምዕራብ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታጠፋል። ጎጃምን በሦስት ወገን የከበበው ለዚህ ነው። ግልገል ዓባይ ደግሞ ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ በካርታው ላይ «ሽቅብ» እየፈሰሰ ጣና ይገባል። ስለዚህ ከአቅጣጫው በፊት ቁልቁለቱን ይመልከቱ፤ የኮንቱር መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ወንዝ ሲያቋርጡ የሚሠሩት ሹል ጫፍ የሚያመለክተው ወደ ወንዙ መነሻ ነው።

የአየር ንብረትን በኬክሮስ ብቻ መወሰን። «ለምድር ወገብ የቀረበ ሁሉ ሞቃት ነው» የሚለው ሕግ ደብረ ታቦር ሲደርስ ይፈርሳል። ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር በኬክሮስ እምብዛም አይለያዩም። ነገር ግን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ አንዷ ወይና ደጋ፣ ሌላዋ ደጋ ሆኑ። አጠገባቸው ያለው ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ውርጭ ነው። አያቶቻችን በከፍታ መክፈላቸው ለዚህ አገር ከየትኛውም የዓለም ካርታ ቀለም ይሻላል ባይ ነኝ።

«ፀሐይ በእኩለ ቀን ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት» ማለት። ይህ ለአውሮፓ ይሠራል። ባሕር ዳር በ11°36′ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 ገደማ፣ ከአናታችን በላይ ታልፋለች። በሁለቱ መካከል የእኩለ ቀን ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። እንጨት ተክለው ማየት ይችላሉ፤ ግን ሰዓቱ ስድስት ሲል አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45° ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን እኛ 37°23′ ላይ ነን። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ እውነተኛው እኩለ ቀን ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ይጠጋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፦ ፀሐይ አናት ላይ ከሆነች ሙቀቱም ያኔ ይበረታል ብሎ መደምደም። ነሐሴ ላይ ደመናና ዝናብ ስለሚጋርዷት ነው የሚቀዘቅዘው፤ ሙቀቱ የሚጠናው ከክረምቱ በፊት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው።

የአንድ ዓመትን ዝናብ «የአየር ንብረት» ማለት። የአየር ንብረት የሚሰላው በተለምዶ ከ30 ዓመት መረጃ ነው። የዘንድሮው የአየር ሁኔታ ነው።

ፎቶ ኮፒ የተደረገ ካርታ ላይ የተጻፈውን መስፈርት (ስኬል) ማመን። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። በእጥፍ ካሳደጉት 250 ሜትር ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ በመስመር የተሣለውን መስፈርት ይጠቀሙ፤ እሱ ከካርታው ጋር አብሮ ያድጋል።

የስልክን ጂፒኤስ ነጥብ በአሮጌ ካርታ ላይ በቀጥታ መትከል። ለአሳሳቾቹ ሁሉ አለቃው ይህ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ የኢትዮጵያ የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ስልክ የሚጠቀመው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ሌላ የልኬት መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። በተራራ ላይ ላያስታውቅ ይችላል፤ በጣና ዳር ግን የብስ ላይ የለኩት ነጥብ ውኃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የካርታውን ኅዳግ አንብበው «አዲንዳን» የሚል ካገኙ፣ ነጥቡን ከማስፈርዎ በፊት በካርታ ሶፍትዌር ይቀይሩት። የዩቲኤም ዞኑም (ካርታው የሚጠቀምበት የፍርግርግ ክልል) 37 ሰሜን መሆኑን ያረጋግጡ።