የጡረተኛ የህንድ ዲፕሎማትን የሥራ ታሪክ አጥንቶ ለመጻፍ

ጡረታ የወጣ የህንድ ዲፕሎማት የሥራ ታሪክ ለመጻፍ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የሹመት ዝርዝር ነው፤ የአገር ስም፣ ማዕረግ፣ ዓመት። ይህን ወደ አማርኛ መልሶ በአንቀጽ መደርደር ቀላል ነው፤ ሰውየው የሠሩት ሥራ ግን ከዚያ አይታወቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሹመት ከማዕረጉ፣ ከቀኑና በጊዜው ከነበረው ጉዳይ ጋር እያገናኙ ያንብቡ። በምሳሌነት የሺቭሻንካር ሜኖንን የሥራ ታሪክ እወስዳለሁ፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመው አገልግሎቱን የተቀላቀሉበትን ዓመት ያረጋግጡ። የህንድ የውጭ ጉዳይ አገልግሎት በ1946 የተቋቋመ ሲሆን፣ ዲፕሎማቶቹ በውድድር ፈተና ገብተው በገቡበት ዓመት ምድብ ይጠራሉ። ሜኖን የ1972 ምድብ ናቸው። በ2006 ለከፍተኛው የሙያ ቦታ፣ ለውጭ ጉዳይ ሴክሬታሪነት፣ ሲመረጡ ከእሳቸው ቀድመው የገቡ በርካታ ባልደረቦች መታለፋቸውን የሚረዳው ይህን ዓመት የያዘ አንባቢ ብቻ ነው።

ማዕረጎችን ሲተረጉሙ ሁለት ቦታ ላይ ይጠንቀቁ። በህንድ የውጭ ጉዳይ ሴክሬታሪ የሚባለው ሚኒስትር አይደለም፤ ከሚኒስትሩ በታች ሆኖ የመሥሪያ ቤቱን ሙያተኞች የሚመራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በብሪታንያ ተመሳሳይ ስም ያለው ሹመት የሚኒስትር በመሆኑ ስህተቱ በቀላሉ ይፈጸማል። ሁለተኛው፣ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች ማኅበር) አባል አገሮች እርስ በርስ የሚላላኩት አምባሳደር ሳይሆን ከፍተኛ ኮሚሽነር ነው። ሜኖን በእስራኤልና በቻይና አምባሳደር፣ በስሪላንካና በፓኪስታን ግን ከፍተኛ ኮሚሽነር ነበሩ። ፓኪስታን በ1972 ከኮመንዌልዝ ወጥታ በ1989 ስለተመለሰች፣ በመካከሉ ኢስላማባድ ያገለገለ የህንድ መልእክተኛ አምባሳደር ይባል ነበር። እንግዲህ ማዕረጉ ራሱ ዘመኑን ይናገራል።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚዘሉት ክፍል ዲፕሎማቱ በዴሊ ዋና መሥሪያ ቤት ያሳለፋቸውን ዓመታት ነው፤ በእኔ አስተያየት ደግሞ ትልቁ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ህንድና ቻይና በድንበራቸው ላይ ሰላምና መረጋጋትን ለመጠበቅ የተስማሙበት ውል በመስከረም 1993 ቤጂንግ ላይ ሲፈረም፣ ሜኖን ገና አምባሳደር አልነበሩም፤ በዝግጅቱ የተሳተፉት ከመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ሆነው ነው። በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጡት ለዚህ ስምምነት መሆኑ፣ ባለቤቱ ራሱ የሥራውን ክብደት የት እንደሚያየው ያመለክታል። የአምባሳደርነት ዘመኑን ብቻ የቆጠረ ጸሐፊ ይህን ፈጽሞ አያገኘውም።

ከዚያ በኋላ ቀኖችን ከድርጊቶች ጎን ያኑሩ። ሜኖን ኢስላማባድ የገቡት በ2003 ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ካሽሚርን በህንድና በፓኪስታን በተያዙ ክፍሎች በሚለየው የቁጥጥር መስመር ላይ ተኩስ ቆመ፣ በሚያዝያ 2005 ደግሞ መስመሩን አቋርጦ ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኘው የስሪናጋርና የሙዛፋራባድ አውቶቡስ ጉዞ ተጀመረ። ሴክሬታሪ በነበሩበት ጊዜ፣ በ2008፣ የኑክሌር አቅራቢ አገሮች ቡድን ለህንድ በኑክሌር ንግድ የተለየ ፈቃድ ሰጠ፤ በኅዳርም ሙምባይ በአሸባሪዎች ተጠቃች። ይሁን እንጂ በዘመኑ የሆነውን ሁሉ የእሳቸው ሥራ አድርገው አይጻፉ። ውሳኔው የፖለቲካ መሪዎች ሊሆን ይችላልና፣ የትኛውን እንዳማከሩ፣ የትኛውን እንደተደራደሩ፣ የትኛውን እንዳስፈጸሙ ለይተው ያስቀምጡ።

የሴት ዲፕሎማት ታሪክ ሲሆን የአገልግሎቱን ደንብ ጭምር መመልከት ያስፈልጋል። በፈተና ገብተው የመጀመሪያዋ የህንድ ሴት ዲፕሎማት የሆኑት ሙታማ፣ በ1970 በሃንጋሪ አምባሳደር ሆነው ቢሾሙም፣ በዕድገታቸው ላይ አድልዎ ተፈጽሟል ብለው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ብለው ነበር። ያን ጊዜ ደንቡ ሴት ዲፕሎማት ለማግባት የመንግሥትን የጽሑፍ ፈቃድ እንድታገኝ ያስገድድ ነበር። ክሱ እየታየ ሳለ ዕድገቱ ስለተሰጣቸው ፍርድ ቤቱ በ1979 መዝገቡን ቢዘጋም፣ ዳኛ ክሪሽና አየር ደንቡን አጥብቀው ነቅፈዋል። በእንዲህ ያለ ዘመን የተሠራን የሥራ ታሪክ ከወንድ ባልደረባ ጋር በዓመት ብቻ ማወዳደር ፍርደ ገምድል ያደርጋል።

ጡረታም ማብቂያ ላይሆን ይችላል፤ ሜኖን በ2009 ከሴክሬታሪነት ከወጡ በኋላ ከ2010 እስከ 2014 የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ነበሩ። ይህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመርጡት ቦታ ስለሆነ ከሙያ ዕድገት ተለይቶ ይጻፍ።

ባለ ታሪኩን በአካል የማነጋገር ዕድል ካገኙ፣ «የማይረሱት ገጠመኝ» ከማለት ይልቅ አንድ ቀንና አንድ ሰነድ ይዘው ይቅረቡ። የመንግሥት ምሥጢር ማውጣትን የሚከለክለው የ1923ቱ የህንድ ሕግ አሁንም ስለሚሠራ የሚመልሱት ሁሉን አይደለም፤ ዝምታቸውን እንደ ትምክህት አይቁጠሩት። ከ25 ዓመት በላይ የሆናቸውን መዛግብት በዴሊው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት መጠየቅ ይቻላል። የሰነዱ ቃልና የባለ ታሪኩ ትዝታ ሲጋጩም አንዱን አይጣሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው የቱ መቼ እንደተጻፈ ወይም እንደተነገረ ለአንባቢ ያሳውቁ።