የሰይቼንቶዬ ጥቁር ጭስ እንዴት ጠፋ

ለውድድር ያዘጋጀኋት ፊያት 600፣ እኛ ሰይቼንቶ የምንላት፣ ሦስት ወር አሰቃየችኝ። 767 ሲሲ ሞተሯን ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ከፋብሪካው የሚበልጥ ዌበር ካርቡራተርም (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ጭኜላታለሁ። ግን ቤንዚን ስሰጣት ትታፈናለች፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ብቻ። በአጋሮ መንገድ ዳገት ላይ ባጃጅ ቀደመኝ! (ይህን ባልጽፈው ይሻል ነበር።)

መጀመሪያ ቦቢና፣ ለእሳት ብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን፣ ቀየርኩ። ብሬን በላ እንጂ ለውጥ የለም። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ «ልጄ፣ ካንዴላውን አይተኸዋል?» አሉኝ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈታሁት። ጥላሸት ለብሷል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ለካ ነገሩ ከፍታው ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ታልፋለች፤ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተሩ ግን ለቆላ አየር የሚበቃ ቤንዚን ይለቃል። ዋናው ጂግለር፣ ያቺ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ፣ 130 ትላለች። ቀዳዳዋ 1.30 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 120 አስገባሁ፤ ቤንዚኑ አንሶ ካንዴላው ነጣ፣ ሞተሩ ጋለ። እንዲህ ከቀጠለ ፒስተን ያቀልጣል። 125 ላይ ልክ ገባች። ካንዴላው አሁን ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና መስሏል።

ጂግለሯን በመርፌ እንዳትጎረጉሩ፤ ቀዳዳው ይሰፋል። በአየር ንፏት።

ቅዳሜ ያንኑ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። ባጃጁን ግን አላገኘሁትም።