ስቱኮው ሲሰነጠቅ፣ ሲያብጥ፣ ሲረግፍ፦ የባሮክ ጌጦች ችግርና መፍትሄ

በደቡብ ጀርመን ወይም በሲሲሊ ከአንድ የባሮክ ዘመን (በአውሮፓ 17ኛውና 18ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ) ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ቀና በሉ። ኮርኒሱ ላይ መላእክት፣ የአበባ ጉንጉን፣ የተጠቀለለ ቅጠል ሞልቷል። እብነ በረድ ይመስላል። አብዛኛው ግን ኖራ፣ ጀሶና አሸዋ ነው። ስቱኮ የሚባለው ይህ ነው። የእኛ ቀለም ቀቢዎች ግድግዳ ከሚያለሰልሱበት ስቱኮ ጋር የሚጋሩት ስሙን ነው።

ሠሪዎቹ መንገደኞች ነበሩ። ብዙዎቹ የሚነሱት ጣሊያንና ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ካሉት ከኮሞና ከሉጋኖ ሐይቆች ዙሪያ ነው። አባትና ልጅ፣ ወንድምና አማች ሆነው ይወጡ ነበር። የካርሎኔ ቤተሰብ ፓሳው ላይ፣ ፔርቲና ጋሊ ቪልኒየስ ላይ፣ ፎንታና ክራኮው ላይ፣ የላፍራንኪኒ ወንድማማቾች አየርላንድ ድረስ ሠርተዋል። በደቡብ ጀርመን ያለችው ባቫሪያ ደግሞ የራሷ ሰዎች ነበሯት። ቬሶብሩን ከሚባል የገዳም አካባቢ እየወጡ በየአገሩ የተበተኑ ባለሙያዎች ናቸው።

ይህን ያነሳሁት ታሪክ ለማሳመር አይደለም። የተሰነጠቀ መልአክ ፊት የቆመ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሠራው? በምን ሠራው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ከኋላው ምን እንዳለ ያያል። በሽታው ፊቱ ላይ ይታይ እንጂ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ነው። ጣሪያው ነው፣ ብረቱ ነው፣ እንጨቱ ነው። አለዚያም ከዚህ በፊት የጠገነው ሰውዬ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት፦ ኖራ ነው ወይስ ጀሶ?

ኖራ በ900 ዲግሪ ገደማ ከተቃጠለ ድንጋይ ይገኛል። በውሃ ተበርዶ ይቀመጣል። ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ዝግታ ለቀራጩ ጊዜ ይሰጠዋል።

ጀሶ ግን ችኩል ነው። የሚቃጠለው በ150 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃ ከነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል። ለዚህ ነው የድሮዎቹ ባለሙያዎች የእንስሳት ሙጫ እየጨመሩ ያዘገዩት የነበረው። ድክመቱ ውሃ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ግራም ያህል ይሟሟል። ትንሽ ይመስላል። ለዓመታት ለሚያፈስ ጣሪያ ግን ትንሽ አይደለም።

ብዙ ሠሪዎች ሁለቱን ይቀላቅሉ ነበር። ቢሆንም ልዩነት አለ። ከአልፕስ በስተሰሜን የሠሩት ቬሶብሩኖች ጀሶ ያበዛሉ። በሲሲሊ ከተማ ፓሌርሞ ላይ ጃኮሞ ሰርፖታ (1656–1732) ደግሞ ላይኛውን ሽፋን በኖራና በእብነ በረድ ዱቄት ለብጦ እስኪያበራ ይወለውለው ነበር። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ መድኃኒት አይታከሙም።

ቀላል መለያ አለ። መሬት ላይ የወደቀ ፍርፋሪ ውሰዱ። ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ካረፋ ኖራ ወይም የእብነ በረድ ዱቄት አለበት። ዝም ካለ ጀሶው ያመዝናል። ጀሶ በጥፍርም ይጫራል። ታዲያ ይህን በወደቀው ላይ ብቻ ሞክሩት፤ የመልአኩን ጉንጭ ተዉት። ለእውነተኛ ጥገና ናሙናው ላቦራቶሪ መግባት አለበት።

ምልክት፦ ቡናማ እድፍ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ጌጥ

ምክንያቱ ውሃ ነው። የተሰበረ የሸክላ ክዳን፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ ሁለት ጣሪያ የሚገናኝበት ቦታ ላይ የተቀደደ ቆርቆሮ። ቡናማው ቀለም ከእንጨቱና ከዘመናት አቧራ ታጥቦ የወረደ ነው። ውሃው ጀሶውን ያሟሟል፣ ሙጫውን ያለሰልሳል፣ ሻጋታ ይጠራል።

መፍትሄው የሚጀምረው ከላይ ነው። ጣሪያው ሳይዘጋ ኮርኒሱን መጠገን ገንዘብ መድፋት ነው። ይህን በደንብ የሚያሳየው ጀርመን ያለው የቩርዝቡርግ ቤተ መንግሥት ነው። መጋቢት 16 ቀን 1945 ከተማው በቦምብ ሲነድ የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ተቃጠለ። ባልታዛር ኖይማን የሠራው የድንጋይ ቅስት ግን ያዘ። ከሥሩ የቲዬፖሎ ሥዕል ተረፈ። አንቶኒዮ ቦሲ በ1744 እና 1745 በስቱኮ የሸፈነው ነጩ አዳራሽም ተረፈ። ከዚያ በኋላ ጠላቱ ዝናብ ነበር። ጆን ስኪልተን የሚባል አሜሪካዊ መኮንን እንጨት ከየትም ብሎ አሰባስቦ ጊዜያዊ ጣሪያ አስመታ። ያን ሰሞን ስለ መልአክ ጣት ማን ያስባል? ቅደም ተከተሉ ልክ ነበር።

ጣሪያው ከተዘጋ በኋላ ማድረቅ ይመጣል። እዚህ ላይ መቸኮል አይቻልም። ትልቅ ማሞቂያ ደቅኖ በሳምንት ለማድረቅ የሚሞክር ሰው ጨዉን ሁሉ ወደ ፊት ይስበዋል፣ ስንጥቅም ይጨምራል። መስኮት ከፍቶ፣ አየር እያዘዋወሩ፣ ወራት መጠበቅ ነው። የላላውን ቦታ ማጠንከር የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ኖራ ከሆነ በአልኮል ውስጥ የተበተነ እጅግ ደቃቅ ኖራ ይሰጠዋል። ጀሶ ከሆነ ውሃ የበዛበት ማጠንከሪያ ራሱ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ይሞከራል።

እድፉን በፕላስቲክ ቀለም መሸፈንስ? አትሞክሩት። እድፉ ተመልሶ ይወጣል። ቀለሙ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል።

ምልክት፦ በክንድ ወይም በክንፍ ርዝመት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ዳሩ ላይ ቀይ ቡኒ መስመር

ይህ የብረት በሽታ ነው። ስቱኮ ብቻውን አየር ላይ አይቆምም። የተዘረጋ ክንድ ውስጥ ዘንግ አለ። ትንንሾቹ ውስጥ ሚስማርና ሽቦ አለ። አካሉን ለመሙላት እንጨት፣ ገለባ፣ የጡብ ስብርባሪ ይገባበታል። ከዚያ ሻካራው ድብልቅ፣ መጨረሻ ላይ ስሱና ነጩ። ባቫሪያ ውስጥ ሮር በሚባል ገዳም ኤጊድ ኲሪን አዛም በ1720ዎቹ የሠራውን ያየ ሰው ይገባዋል። ማርያም በመላእክት ተይዛ ወደ ሰማይ ስትወጣ ከመሠዊያው በላይ አየር ላይ ተንሳፍፋለች። የተሸከማት የተደበቀ ብረት ነው።

ብረቱ ለምን አሁን ዛገ? ትኩስ ኖራ ብረትን ከዝገት ይጠብቃል፤ አልካሊነቱ ኃይለኛ ነው። ኖራው ወደ ድንጋይ ሲመለስ ግን ይህ ጥበቃ ይጠፋል። ጀሶ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይጠብቅም። እርጥበት ሲደርስ ዝገቱ ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ስቱኮውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ማረጋገጫው ማግኔት ነው። ክር ላይ አስራችሁ በስንጥቁ አጠገብ አንጠልጥሉት። ከሳበ አገኛችሁት። ስንጥቁ የብረቱን መንገድ ከተከተለ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

መፍትሄው ልብ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም መክፈት አለ። ልል ቁርጥራጮቹ ተለይተው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በትሪ ላይ ይቀመጣሉ። ብረቱ እስኪያበራ ይጠረጋል፣ ፀረ ዝገት ይቀባል። ቀጥኖ ካለቀ በማይዝግ ብረት ወይም በፋይበርግላስ ዘንግ ይተካል። ከዚያ ቁርጥራጮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ብዙ ሰው ስንጥቁን ብቻ ሞልቶ ይሄዳል። ብረቱ ግን ሥራውን ይቀጥላል፣ ሙሌቱንም ገፍቶ ያወጣዋል።

ምልክት፦ ሲመቱት ባዶ የሚጮህ፣ ወደ ታች የረገበ ኮርኒስ

ገበያ ላይ የሸክላ ድስት ስትገዙ ኳ ኳ አድርጋችሁ ድምፁን እንደምታዳምጡት ማለት ነው። ጤነኛው ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ባዶ ይጮሃል። ባለሙያ በጣቱ መገጣጠሚያ እየነካካ ባዶውን ቦታ ፎቶ ላይ ያሰምራል።

ብዙዎቹ የሰሜን ኮርኒሶች ድንጋይ ላይ አይደሉም። እንጨት ላይ ናቸው። የዚመርማን ወንድማማቾች የሠሩት የቪስ ቤተ ክርስቲያን (1745–1754) ጣሪያው ቅስት ይመስላል እንጂ ከላይኛው የጣሪያ እንጨት የተንጠለጠለ ርብራብ ነው። ስቱኮውም ሥዕሉም እሱ ላይ ነው። በሌሎች ቦታዎች ልስኑ እንዲይዝ ሸምበቆ በሽቦና በሚስማር ይመታል። እንጨቱን ነቀዝ ሲበላው፣ ሚስማሩ ሲበሰብስ፣ ልስኑ ክብደቱን ብቻውን ይሸከማል። ለእሁድ ቅዳሴ ብቻ በድንገት የሚሞቅ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ያባብሰዋል። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ልስኑ አብሮት አይኮማተርም።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሰው ከሥሩ እንዳያልፍ ዝጉ። ከዚያ በስፖንጅ የተሸፈነ ድጋፍ ከታች ይቆማል። የሚረግፈው ፊት በጃፓን ቀጭን ወረቀትና በሚነሳ ሙጫ ይለበጣል። ከዚያ ጠጋኙ ወደ ጣሪያ ሥር ይወጣል፤ ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ነው። አቧራው ይመጠጣል፣ የተበላው እንጨት ይጠገናል፣ ልስኑ በማይዝግ ብሎንና ሰፊ ዋሸር ከርብራቡ ጋር ይያያዛል። ባዶው ቦታ በቀላል ድብልቅ በሲሪንጅ ይሞላል። ቀላል ያልኩት ክብደቱን ነው። የላላ ኮርኒስ ላይ ከባድ ሙሌት መጨመር ማውረድ ነው።

ምልክት፦ ነጭ ፀጉር የመሰለ ጨው

ከመሬት ወይም ከጣሪያ የገባ ውሃ ጨው ይዞ መጥቶ፣ ላዩ ላይ ሲደርቅ ጨዉን ትቶት ሄዷል። በለስላሳ ብሩሽ በደረቁ ጥረጉና ሰብስቡት። በእርጥብ ጨርቅ ካሻችሁት ተመልሶ ይገባል። ኖራ ላይ ከሆነ ከወረቀት ቃጫና ከንጹሕ ውሃ የተሠራ እርጥብ ልጥፍ ጨዉን ይስባል። ጀሶ ላይ ግን ይኸው ልጥፍ ጌጡንም ይስባል። ጥንቃቄ።

ምልክት፦ ፊቱ የደበዘዘ፣ አፍንጫውና ጣቶቹ የደለቡ ምስል

ይህ ሕመም አይደለም፣ ልብስ ነው። በየትውልዱ «ቤተ ክርስቲያኑ ይጽዳ» ሲባል አንድ ዙር ኖራ ይቀባል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የቀራጩ ጣት አይታይም። ሰርፖታ ከፓሌርሞ የጸሎት አዳራሾች በአንዱ ዓምድ ላይ ትንሽ እንሽላሊት ቀርጿል፤ እንደ ፊርማው ትቆጠራለች። በሳንታ ቺታ አዳራሽ ደግሞ የ1571ን የሌፓንቶ ጦርነት በትንንሽ መርከቦች አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ሥራ አምስት ዙር ቀለም ቢያርፍበት ምን ሊቀር ነው?

መፍትሄው የቀዶ ጥገና ምላጭና ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ግን የጣት ስፋት ያህል ቦታ ላይ ሽፋኖቹ እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ይህ መስኮት የግድ ነው። ስቱኮ ሁሉ ነጭ ነበር ብሎ ማሰብ ስህተት ነውና። ቬሶብሩኖች ሮዝና አረንጓዴ ይወዱ ነበር። ነጩን ፍለጋ ሲፋቅ የመጀመሪያው ቀለም አብሮ የሄደበት ኮርኒስ ስንት ይሆን! የእኔ አስተያየት፦ የተጠራጠራችሁበትን ሽፋን ተዉት። ነገም ሊነሳ ይችላል፣ የተነሳው ግን አይመለስም።

ምልክት፦ ግራጫ ጠንካራ ጥገና፣ ዙሪያው የተሰነጠቀ

ሲሚንቶ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተአምር መድኃኒት ተቆጥሮ ያልተለጠፈበት ቦታ የለም። ከኖራ በጣም ይጠነክራል። ስለዚህ እንቅስቃሴ ሲኖር የሚሰበረው የቆየው ነው። ከጀሶ ጋር ደግሞ ጠብ አላቸው። እርጥበት ባለበት ጀሶው ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ኤትሪንጋይት የሚባል ማዕድን ይሠራል። ማዕድኑ ያብጣል፣ መገጣጠሚያውን ይሰብራል። ሲሚንቶው በቀጭን መሮ ከመሃል ወደ ዳር እየተፈለፈለ ይወጣል። በመዶሻ አይመታም። ጎኑ ያለው ጌጥ ከተያያዘና አብሮ የሚወድቅ ከሆነ፣ ዳሩን ብቻ ሳይነኩ መተው ይሻላል።

ምልክት፦ ጥቁር ጥቀርሻ፣ በተለይ ከሻማና ከማሞቂያ በላይ

ደረቅ የላቴክስ ስፖንጅ። እርጥብ ጨርቅ ጥቀርሻውን ወደ ውስጥ ይሰደዋል።

ምልክት፦ የእብነ በረድ ዓምድ የሚመስለው ደብዝዞ ነጣ ነጣ ሲል

በእጃችሁ ንኩት። እብነ በረድ ከሆነ ይቀዘቅዛል። ካልቀዘቀዘ ጀሶ፣ ሙጫና ቀለም ተለውሶ፣ ደጋግሞ ተሞርዶ የተወለወለ ነው። ይህ ርካሽ ማስመሰያ አልነበረም፤ ጉልበቱ ብዙ ነው። የደበዘዘው ውሃ ስለነካው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወለል ከሚወለውል ሰው ባልዲ የመጣ ነው። ውሃውን አርቁ። ባለሙያ ላዩን በስሱ ሞርዶ በሰም ይመልሰዋል።

ምልክት፦ የጎደለ ጣት፣ የጎደለ ቅጠል

ሁሉም አይሞላም። በቅርጽ ማውጫ የተባዛ ቅጠል ወይም ጽጌረዳ ከሆነ ቀላል ነው። መንትያው እዚያው ጎን አለ፤ ቅርጹን በሲሊኮን ወስዶ ሌላ ማውጣት ይቻላል። በቅርጽ ብረት የተጎተተ የኮርኒስ ጠርዝም እንደዚያው። በእጅ የተቀረጸ የሕፃን ፊት ግን መንትያ የለውም። ፎቶ ከሌለ ግምት ነው የሚሆነው፤ በግምት ከምትቀርጹት ጎዶሎውን ብታስቀምጡት እመርጣለሁ።

ማስረጃ ሲኖር ግን ብዙ ይቻላል። የቩርዝቡርግ የመስታወት ክፍል በ1945 ጠፍቶ ነበር። ከ1979 እስከ 1987 ከፎቶግራፎች፣ ከአንድ የውሃ ቀለም ሥዕልና ከተረፈ ስብርባሪ ተነስተው እንደገና ሠሩት።

አዲሱን ስትገጥሙ ድብልቁ ከአሮጌው ደከም ያለ ይሁን፤ አንዱ መሰበሩ ካልቀረ አዲሱ ይሰበር። ከመግጠማችሁ በፊትም ጀርባው ላይ በእርሳስ ዓመቱንና የድብልቁን መጠን ጻፉበት። የሚቀጥለው ጠጋኝ «ማን ሠራው? በምን ሠራው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።